ከቋጥኙ የወረደው ቢሮ

እኔ ዳገት አልወድም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ዕድሜዬን በበረትና በግጦሽ መሀል ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ እግሩ ሰነፍ ነው ብሎ የሚያማኝ የለም። ግን ዳገት ላይ ሆዴ ቀድሞኝ ይወጣና ትንፋሼ ከኋላ ይቀራል። ታዲያ በዚያ ከሰዓት በኋላ መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ ሽቅብ የተያያዝኩት ወድጄ አልነበረም። ከመንገዱ በላይ ካለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው እጃቸውን ሲያወናጭፉና ሲጮኹ አይቼ፣ ሰውየው ተቸግረዋል ብዬ ነው።

እያለከለክሁ ስደርስ ሽማግሌው ምንም አልሆኑም። በአንድ እጃቸው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሌላው አየሩን ይቆርጣሉ።

"አቁመሽ አንሸራሽሪው እንጂ!" ይላሉ። "ተኝቶ እንዴት ይወጣለታል? ነፋስ ነው፣ ነፋስ! ግራ ጎኑን አሻሺው፣ ከዚያ አንሸራሽሪው!"

ሙያዬ ነውና ዝም ማለት አቃተኝ። "አባቴ፣ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እንደሆነ ይጠይቋት" አልኩ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ። "ለመሆኑ ጥጃው ስንት ወሩ ነው?"

ሽማግሌው ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "የምን ጥጃ?"

"ይህ የሚያንሸራሽሩት ጥጃ ነዋ።"

"ጥጃ አይደለም" አሉ አንገታቸውን ደፋ አድርገው። "የልጅ ልጄ ነው።"

ስልኩን ሲዘጉ እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ በሳቅ እንባዬን እጠርግ ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ ሊቆጡ አስበው ነበር፤ አልቻሉም፣ አብረውኝ ሳቁ። የእንስሳት ሐኪም መሆኔን ስነግራቸው እሳቸውም ነገሩን አጫወቱኝ። ታላቋ ልጃቸው ባሕር ማዶ ሩቅ አገር ነው የምትኖረው፤ ሰሞኑን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ሕፃኑን ሆዱን እየነፋው ሲያለቅስባት ያድራል። ባለቤታቸው ደግሞ መላውን ያውቁታል፤ እንዲህ አድርጊ በላት ብለው ልከዋቸዋል።

"ታዲያ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ መልእክቱ ከራሴ ላይ ተነነ" አሉኝ። "ባዶ እጄን ከምደውል የማውቀውን ነገርኳት። ስንቱን ጥጃ አድኜበታለሁ!"

"እሷስ ምን አለች?"

"ሳቀች። 'አባዬ፣ ገና አንገቱ አልጸናም' አለችኝ።" ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዶክተር፣ ይህቺ ነገር እዚሁ ቋጥኙ ላይ ትቅር።"

"በሐኪም አፍ ትታሰር" አልኳቸው። ምስጢር ጠባቂነቴ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚዘልቅ ገና አላወቅሁም ነበር።

ስልክ ለመደወል ቋጥኝ ላይ መውጣት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። "ቢሮ ነዋ!" አሉኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል አነጋገር። ቤታቸው ታች በሁለት ጉብታዎች መሀል ስለተወሸቀ ኔትወርክ አይደርሰውም፤ ስልክ የሚሠራው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ቋጥኙን ቢሮ ብሎ ሰይሞታል። ፀሐይ ስትበርድ ሁሉም ቢሮ ይወጣል። አንዱ ሲደውል ሌላው ይቀመጣል፣ ወሬውም ቀልዱም እዚያ ነው። እሳቸው የቢሮው ኃላፊ ናቸው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንከባለው ወንበር ሁሉ ሠርተውለታል።

"ባለቤትዎስ አይወጡም?"

"ጉልበቷ" አሉ የራሳቸውን ጉልበት መታ አድርገው። "ልጅቷ ከመውለዷ በፊት ጀምሮ ዳገት አትችልም። አንድ ቀን በወንበር ተሸክመን እናውጣት ብለን ተነሳን። 'ገና በሕይወት አለሁ፣ አስከሬን አታስመስሉኝ' ብላ አባረረችን። እንግዲህ መልእክቷን እኔ አደርሳለሁ፣ መልሱንም እኔ አመጣለሁ።" ከዚያ በጣታቸው ቁልቁል አሳዩኝ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጎኑ በረት፣ ደጃፉ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት። "ያቻት። ከዚህ ሁልጊዜ ትታየኛለች።"

ወተት ሳልቀምስ እንዳልሄድ ስለማሉብኝ አብሬያቸው ወረድኩ። መቼም ወተት ባይባልም እወርድ ነበር።

እማወራዋ ወደ ቤት ገብተው እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ባልየው ዶክተር ብለው ሲያስተዋውቁኝ ሰላምታችንን እንኳ አላስጨረሱንም።

"ምን አለች?"

"ደህና ናት። ልጁም ደህና ነው" አሉ ባልየው።

"እሱንማ ትላንትም ነግረኸኛል። ሌላስ?"

"ሌላው ነፋስ ነው።"

"ቀኑን ሙሉ እዚያ ተሰቅለህ ሁለት ቃል ይዘህ ትወርዳለህ?" ወደ እኔ ዞሩ። "ዶክተር፣ ይህን ሰው ወተት አስይዘው ቢልኩት መንገድ ላይ ጠጥቶ ጣሳውን ነው የሚያመጣልኝ።"

"እናቴ፣ የሕፃኑን ፎቶስ አላዩም?" አልኳቸው።

"አይቻለሁ። ትንሿ ልጄ በስልኳ ይዛልኝ ወርዳለች። ቆንጆ ነው፣ ከዓይን ያውጣው። ፎቶ ግን አያስነጥስም፣ አያዛጋም። ብጠራውም ዞር አይልልኝም።"

ይህን ሲሉ ትንሿ ልጅ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ከበረቱ መጣች። ስለ ከብት እርባታ በኮሌጅ ተምራ የተመለሰች፣ ላሞቹን የምትመራው እሷ ነች። እንግዳው የከብት ሐኪም መሆኑን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ዶክተር፣ እንኳን መጡልኝ! እስቲ እርስዎ ይዳኙን። እዚህ ቤት ኢንተርኔት ይግባ ብል አባዬ አሻፈረኝ አለ።"

"ይኸው ጀመረች" አሉ አባትየው።

"ልጀምር ነዋ! የወተቱ መኪና ይምጣ ይቅር የምናውቀው መንገድ ዳር ቆመን ነው። ባለፈው ሳይመጣ ቀርቶ ስንቱን ወተት ደፋን። ላም ብትታመም ዶክተርን ለማግኘት መጀመሪያ ዳገት እንወጣለን። እኔም የቀረኝን ትምህርት እዚሁ ሆኜ ልጨርሰው እችላለሁ። ካልሆነ ግን ከተማ መግባቴ ነው፤ ላሞቹን ማን ይያዝልህ?"

ሽማግሌው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን አላቋረጡም። ስትጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ የተናገርሽው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ጎረቤታችንን አይተሽዋል። ከተማ ወርዶ ኢንተርኔት ነው ብሎ ሳጥን ገዝቶ መጣ። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። መብራት ሰካበት፣ ብልጭ ድርግም አለ። አጨበጨብን። ይኸው እስከ ዛሬ ብልጭ ድርግም ይላል! አሁን ዶሮ ትተኛበታለች፤ ይሞቃታል። እንቁላሏስ ደህና ነው፣ አልዋሽም።"

"አባዬ፣ ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሞክሮ ነው የገዛው። ሱቁ ከተማ መሀል ነው፤ እዚያ የማይሠራ ሳጥን የለም። ሳጥኑ እኮ ኔትወርክ አይፈጥርም፤ ያገኘውን ተቀብሎ ነው የሚያድለው። ባዶ በርሜል ላይ ቧንቧ ብትገጥም ውሃ ይመጣልሃል?"

"አይመጣም" አሉ አባትየው። በዚያች ነጥብ መረታታቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ፊደል የቆጠርን ሰዎች ክፉ አመል አለብን፤ ሽማግሌ ስናስረዳ ያልገባንን ቃል ሁሉ እንደረድርና አልገባው አለ ብለን እንማረራለን። ይህች ልጅ ግን አባቷ በየቀኑ የሚያዩትን በርሜል አንስታ አስረዳቻቸው። የተማረ ማለት ለእኔ እንዲህ ያለ ነው።

"ታዲያ የትኛው ይሻለናል?" አልኩ ነገሩ እንዲገፋ።

"በመሬት የሚዘረጋው መስመር ከሁሉም ይበልጣል፤ ዝናብም ነፋስም አይበግረውም" አለች። "ግን እታች መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ ወዲህ አይመጣም። ለአንድ ቤት ብለው ሜዳውን ሁሉ አይቆፍሩም። እሱን እንጠብቅ ካልን እማዬ የምታየው የልጁን ሠርግ ነው። የስልኩ ኔትወርክ ደግሞ ያው ቋጥኙ ላይ ቀርቷል። እኔ ሳተላይቱን ነው ያሰብኩት፤ ዲሹ ሰማይ ሰማይ እያየ ስለሚቀበል ጉብታ አያግደውም። እርግጥ ውድ ነው። ቢበላሽም እዚህ አካባቢ የሚጠግን አላገኘሁም።"

"ውድነቱ ይቅር" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተለወጠ። "እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ቤት ሄጄ አይቻለሁ። እንደምን ዋላችሁ ብዬ ገባሁ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ቀና ብላ ያየችኝ ድመቷ ብቻ ነች። እራት ቀረበ፣ ያው ነው። እኛ ግን ቢሮ ስንወጣ አብረን፣ ስንወርድ አብረን። ቤት ስንገባ ስልኩ ዝም ይላል፣ ሰው ያወራል። ያንን ነገር በገዛ እጄ ላስገባ?"

እውነቱን ለመናገር ስሜታቸው ገባኝ፤ እኔ ራሴ ስንት ቤት ገብቼ ድመት ብቻ ተቀብላኛለች። ልጅቷም በቀስታ፣ ያለ ቁጣ ተናገረች።

"አባዬ፣ አብረን ስትል እማዬን ቆጥረሃታል?"

ሽማግሌው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እማወራዋ የያዙትን ባቄላ አስቀመጡ።

"በእንግዳ ፊት ባልናገረው እወድ ነበር" አሉ። "እናንተ ቢሮ ስትወጡ እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቃችሁን እሰማለሁ። ምን እንደሚያስቃችሁ ግን አይሰማኝም። ልጄ ከወለደች ጀምሮ ድምፅዋን አልሰማሁም። የበኩር ልጄ እኮ ናት! እናቷን በምትፈልግበት ሰዓት ያለሁላት አልመሰላትም።" ዓይናቸውን ጠረጉና ባላቸውን ትኩር ብለው አዩ። "ለመሆኑ የላክሁህን ነገርካት? በሆዱ ደረትሽ ላይ አስተኝተሽ ጀርባውን መታ መታ አድርጊው በላት ያልኩህን?"

ሽማግሌው እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን አልካት?"

በዚህ ጊዜ አፌ ሙሉ ወተት ነበር። ልውጠው ስል ሳቄ ቀደመኝና በአፍንጫዬ ወጣ። የሐኪም ምስጢር በዚሁ አበቃ።

"አቁመሽ አንሸራሽሪው አልኳት" አሉ ሽማግሌው፣ ሌላ ምርጫ ሲያጡ።

"ማንን?"

"ልጁን።"

"ገና አንገቱ ያልጸናውን ሕፃን?"

"ግራ ጎኑንም አሻሺው ብያታለሁ" አሉ፣ ይህን ሲጨምሩበት ነገሩ የሚቀል መስሏቸው።

እማወራዋ መጀመሪያ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ። ምን ሳቁ ብቻ፣ ሰፌዱ ከጭናቸው ላይ ወድቆ ባቄላው ቤቱን ሞላው። "የልጅ ልጄን ጥጃ አደረገብኝ! ነገ ገመድ ግዢለት ይላታል!" ልጅቷ በር ደገፍ ብላ ወገቧን ያዘች። እኔማ ተዉኝ። ሳቁ ረገብ ሲል ግን የእማወራዋ እንባ አልቆመም፤ ሳቅ የጀመረው እንባ ሌላ እንባ ሆኖ ቀጠለ። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ባቄላውን አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር። ለቅመው ሳይጨርሱ ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ይህ ኔትወርክ የሚቀበለው ነገር የግድ ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት?"

"እንዴት ማለትህ ነው?"

"ለከብቶቹ ውሃ ሳመጣ በረቱን ተሸክሜ ምንጩ ጋ አልሄድኩም። ውሃውን ነው በቧንቧ ያወረድኩት። ቢሮው ላይ ኔትወርክ ሞልቷል። ቁልቁል የሚያወርደው ነገር የለም ወይ?"

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። "አለ! አለ እንጂ፣ አባዬ! የስልኩን ኔትወርክ የሚቀበለው ሳጥን ቋጥኙ ላይ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ትንንሽ አንቴናዎች ፊት ለፊት ይተከላሉ፤ አንዱ እዚያ፣ አንዱ ጣሪያችን ላይ። የሚጋርዳቸው ነገር ከሌለ ያለ ሽቦ ይቀባበላሉ። እኔ እኮ ቤቱን ቤቱን ሳይ ቋጥኙን ረሳሁት!"

"የሚጋርድ የለም" አሉ ሽማግሌው ኮራ ብለው። "ከዚያ ሆኜ እናትሽ የምትፈለፍለውን ባቄላ እቆጥራለሁ።"

"መብራቱስ ከየት ይመጣል?" አልኩ እኔ፣ አዋቂ ለመምሰል።

"ትንሽ ሶላርና ባትሪ ይበቃዋል" አለች ልጅቷ፣ የአባቷን አንገት አንቃ እየሳመች።

ሽማግሌው ግን እሺ ብለው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። የጎረቤታቸው ዶሮ ትዝ አለቻቸው። ሱቅ ውስጥ በበራ መብራት ብር አይወጣም፤ እዚያው ቢሮው ላይ በስልክ ይሞከር፣ ጠዋትም፣ ማምሻም፣ ዝናብ ሲጥልም አሉ። ሻጩም ራሱ መጥቶ ይትከለው፣ ካልሠራ ተሸክሞት ይሂድ። ልጅቷም የዓመት ውል እንደማትፈርም፣ በወር በወሩ እያዩ እንደሚቀጥሉ ቃል ገባች። በመጨረሻ አባወራው ተነስተው ከግድግዳው ላይ አንድ ቅርጫት አወረዱ።

"እራት ሲቀርብ ስልክ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ይህ ካልሆነ እኔ የለሁበትም።"

"ያንተም?" አሉ እማወራዋ።

"የእኔም!"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ላሞቹን ልከትብ ስሄድ፣ ዕድሌ ሆኖ የተከላው ዕለት ደረስኩ። ልጅቷ በቃሏ መሠረት በየሰዓቱ እየወጣች ሞክራ፣ ካሉት ሁለት የስልክ ድርጅቶች ቋጥኙ ላይ ጠንከር ብሎ የሚገባውን መርጣለች። ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት በማምሻው ሰዓት ዘገም እንደሚል አይታ እሱንም ለአባቷ ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ሽማግሌው አንቴናውን የሚተክለውን ሰው "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" እያሉ ሲያዙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንቴና የተከሉ ይመስሉ ነበር።

ስልኩ ጠራ። ታላቋ ልጅ ሕፃኑን ታቅፋ በምስል ብቅ አለች። እማወራዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "እማዬ" አለች ልጅቷ፣ ሕፃኑን ወደ ስልኩ እያስጠጋች። ሁለቱ እንደዚያ ሲተያዩ ሕፃኑ ፊቱን ጨመደደና አስነጠሰ።

"አስነጠሰ!" ብለው ጮኹ እማወራዋ። "ሰማችሁ? አስነጠሰ! ይማርህ የኔ ጌታ፣ እደግልኝ!" ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው? ሆዱን፣ ጡቱን፣ እንቅልፉን፣ ሁሉንም ጠየቁ። በሆዱ ደረት ላይ የማስተኛቱን ነገር በራሳቸው አፍ፣ ትራስ ታቅፈው አሳዩ። ልጅቷ እዚያው ሞከረችው፤ ሕፃኑም ዝም አለ።

"አባዬ ግን አለ?" አለች ታላቋ። "ለአባዬ ንገሩት፣ አንሸራሽሪው ያለኝም ሠርቷል! ታቅፌው ቤቱን ስዞር፣ ጎኑን ሳሻሸው አገሳልኝ።"

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው መጡ። "አላልኩም? ስንቱን ጥጃ አድኜበታለሁ!"

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የሆነውን ልንገርህና ፍርዱን ላንተ ልተው። የወተቱ መኪና የማይመጣ ከሆነ ሹፌሩ አስቀድሞ መልእክት ይልካል፣ ወተቱ ቅቤ ይሆናል እንጂ አይደፋም። ላም ብትታመም ልጅቷ የዓይኗንና የሆዷን ምስል ትልክልኛለች፣ እኔም የሚያስፈልገውን መድኃኒት ይዤ እንጂ ባዶ ቦርሳ ይዤ አልሄድም። ትንሿ ልጅ ከተማ መግባቱን ትታ ትምህርቷን ከበረት መልስ ትከታተላለች። ጎረቤትየውም ከአባወራው ጋር ተማክሮ የራሱ ጣሪያ ላይ አንቴና ተክሎ ከቋጥኙ ጋር አስተያየ። ሳጥኑን ከዶሮዋ ሲነጥቅ ሁለት ቀን አኩርፋ እንቁላል ከልክላዋለች ይላሉ። ቅርጫቱም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ እራት በልቼ አይቻለሁ፣ ወሬው ሳህን አያስነሳም። አዲስ ነገር ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚሠራበትን ቦታ መፈተን፣ ከገባ በኋላም ልክ ማበጀት እንዲህ ይጠቅማል። ጠላታችን አዲሱ ነገር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መግዛትና ሳይሞክሩ እምቢ ማለት ናቸው።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ሽማግሌው ቋጥኙ ላይ ናቸው። የሶላሩን አቧራ በጨርቅ ይወለውላሉ፤ የቢሮ ኃላፊነታቸውን አልለቀቁም። እኔ ዳገቱን ትቼ በቀጥታ ቤት ገባሁ። እማወራዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር እየሳቁ ያወራሉ፣ ሲያወሩ ወተቴን ጨረስኩ። ስልኩን ዘግተው ጉያቸው ውስጥ ሲከቱ ባልየው ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ደረሱ።

"ምን አለች?" አሉ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ።

"ደህና ናት። ልጁም ደህና ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላው ነፋስ ነው" አሉ እማወራዋ፣ ባቄላቸውን እየፈለፈሉ።

"ከዚያ ላይ እኮ ስትስቂ አይቼሻለሁ! ዶክተር፣ ኧረ ይፍረዱልኝ!"

እኔ ጣሪያውን አየሁ። እማወራዋ ትንሽ አስጨንቀዋቸው፣ ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉላቸው።

"እንካ፣ ራስህ ጠይቃት።"